ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት

ልጄ ሰባ ዘጠኝ አመጣች። ማለፊያው ሰማንያ ነበር።

ይህን በተናገርኩ ቁጥር ሰው ሁሉ «ውይ፣ በአንድ ነጥብ!» ብሎ ከንፈሩን ይመጥልኛል። ከንፈር የሚመጠጥለት ሰው መሆን ድሮም ደሜን ያፈላዋል። የሚያሳዝን ነገር አልነበረማ፤ የሚያናድድ ነገር ነበር። ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁና ፍርዱን ከዚያ በኋላ ስጡ።

እኔ ብርቱካን ነጋዴ ነኝ። ፍራፍሬ ተራ ስትገቡ ከቁልፍ ቀራጩ ቀጥላ ያለችው ጣውላ የእኔ ናት። ስፋቷ ስድስት ብርቱካን በስድስት ብርቱካን ነው፤ ሌላ ረድፍ ልጨምር ብል ጠርዝ ላይ ያለው ተንከባሎ መኪና ሥር ይገባል። ስለዚህ በየጠዋቱ ታች ስድስት በስድስት እደረድራለሁ። በመሃል በመሃላቸው በሚፈጠረው ጎድጓዳ ላይ አምስት በአምስት፣ ከዚያ አራት በአራት እያልኩ እወጣና ጫፉ ላይ አንዷን ቆንጆ አስቀምጣለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ስከምር ሁሉም ተደምሮ ስንት እንደሚሆን ቆጥሬው አላውቅም ነበር። የቆጠረችው ልጄ ናት።

ልጄን በተራው ያለ ሰው ሁሉ «ሚዛን» ይላታል። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የሽንኩርት ነጋዴዋን የብረት ኪሎ በእጇ አንስታ «ይሄ እኮ ቀላል ነው» ብላ ገበያተኛ ፊት ስላጋለጠቻት የወጣላት ስም ነው። ሽንኩርት ነጋዴዋ እስከ ዛሬ ሰላም አትለንም። አባቷ በሕይወት የለም፤ ቤቱን የምንሞላው እኔና እሷ ነን፤ እሷ በጥያቄ፣ እኔ በጩኸት።

ስምንት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ክምሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቆየችና «እማ፣ ዘጠና አንድ ነው» አለችኝ።

«ይሁና» አልኳት። እጄ ሥራ ይዟል።

«ቅዳሜም ዘጠና አንድ ነው!»

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባት ቋሚ ደንበኞች አሉኝ። መድኃኒት ቤቱ አለ፣ ጋራዡ አለ፣ ልብስ ሰፊዋ አለች፣ ሌሎችም። እያንዳንዳቸው አንድ ደርዘን ይወስዳሉ፤ እኔ ደግሞ በደርዘኑ ላይ አንድ እመርቃለሁ። ያለ ምርቃት መሸጥ በሩን ፊታቸው ላይ የመዝጋት ያህል ይከብደኛል። እናም አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት እያደረግሁ ሰባት ፌስታል ስሞላ ጣውላዋ ባዶዋን ትቀራለች። አንድ አይተርፍ፣ አንድ አይጎድል። እኔ ይህንን የእጄ ልምድ ነው እያልኩ አልፌው ነበር። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ስትብሰለሰል ዋለች፤ ማታ ቤት ስንገባ ጠመኔ ይዛ ወለሉን ሞላችው።

ከዚያ ወዲያ ያቺ ቁጥር ቤታችን ገብታ አብራን ኖረች ብል ይቀለኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች በየረድፉ አንድ እየጨመረች ወለሉ ላይ ብርቱካን ስትደረድር አሥራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጥርት ያለ ሦስት ማዕዘን ሆኖ አለቀ። ስንት ፈጀ? ዘጠና አንድ። ሌላ ቀን አንዷን መሃል አስቀምጣ በዙሪያዋ ስድስት፣ በስድስቱ ዙሪያ አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አሥራ ስምንት እያለች አምስት ዙር ስትከባት ጎኑ ሁሉ እኩል የሆነ ባለ ስድስት ማዕዘን ወጣ። ያም ዘጠና አንድ። «እማ፣ ወደ ላይ ብትከምሪው ይገጥማል፣ መሬት ላይ ብትዘረጊው ይገጥማል፣ ለሰው ብታካፍዪው ይገጥማል። ምን ዓይነት ቁጥር ነው?» ትለኛለች። «የሚጠረግ ቁጥር ነው፤ አንሺልኝ፣ መተላለፊያ አጣሁ» እላታለሁ። ግን ተደብቄ አየው ነበር። ደስ ይላል።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። ከተማችን ውስጥ አንድ የሳይንስ ትምህርት ቤት አለ። በአውቶቡስ ስናልፍ አጥሩ ሥር ባለችው ማቆሚያ ሰው እስኪወርድ ድረስ ልጄ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ታየዋለች። ቤተ ሙከራ አለው፣ ጣሪያው ላይ ኮከብ የሚያዩበት ክብ ክፍል አለው። በዓመት የሚቀበለው ሦስት መቶ ልጅ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ሲጨርሱ አንዴ ይፈተናሉ፤ ያለፈ አለፈ፣ የወደቀ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ልጄ ለዚህ ፈተና አራት ዓመት ተዘጋጅታለች። እኔ ለሠርጌ እንኳን እንደዚያ አልተዘጋጀሁም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ሰባ ዘጠኝ። ወረቀታችሁን ማየት ትችላላችሁ ተባለና በማግስቱ ፈተና ቢሮው ሄዳ አየች። ስትመለስ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ በቁጣ ቀልታ መጣች።

«አሥራ አራተኛው ላይ ኤክስ አድርገውብኛል» አለች።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ከሚከተሉት ውስጥ ብቸኛ ቁጥር የቱ ነው? ብቸኛ ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል የማይካፈል ማለት ነው፤ ይህን እኔም ከወለሉ ጠመኔ ተምሬዋለሁ። ምርጫዎቹ ሀ. 51፣ ለ. 57፣ ሐ. 91፣ መ. 87 ነበሩ። ልጄ አንዱንም አላከበበችም። ጎኑ ላይ «መልስ የለም» ብላ ጽፋ አራቱንም ቁጥሮች በብዜት አስቀምጣቸዋለች። የቢሮው የመልስ ወረቀት ግን «ሐ» ይላል።

እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ምን እንደፈለጉ እያወቅሽ ዝም ብለሽ አታከቢላቸውም ነበር?» ብዬ ጮህኩባት።

«ምን እንደፈለጉ አውቄያለሁ» አለች። «ዲጂቶቹን ደምረው ለሦስት ይካፈላል አይካፈልም ነው ያዩት። አምስትና አንድ ስድስት፣ ይካፈላል። አምስትና ሰባት አሥራ ሁለት፣ ይካፈላል። ስምንትና ሰባት አሥራ አምስት፣ ይካፈላል። ዘጠኝና አንድ አሥር፣ አይካፈልም። ለሁለትም ለአምስትም እንደማይካፈል አዩና ጨረስን ብለው ተነሱ። ሰባትን አልሞከሯትም። ሰባትን ሰው ይሸሻታል፤ አስቸጋሪ ናት። እንደ አንቺ።»

«ምላስሽን!» አልኳት። «ታዲያ ከገባሽ ለምን አላከበብሽም?»

«አይደለማ!»

እኔም ሌላ አልጠየቅኋትም፤ ምክንያቱም እጄ ራሱ ያውቀዋል። ሰባት ፌስታል፣ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት።

የሂሳብ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ነገሬን ሳልጨርስ «ዘጠና አንድማ ብቸኛ ቁጥር ነው እኮ» አሉኝ።

«መምህር፣ እስቲ ለሰባት ይሞክሩት» አልኳቸው።

ፈገግ ብለው እርሳስ አነሱ። ሰባት ጊዜ አሥር ሰባ፣ ሰባት ጊዜ ሦስት ሃያ አንድ። ፈገግታው ከፊታቸው ሲወርድ አየሁት፤ በቦታው በርበሬ የመሰለ ቅላት መጣ። «ስንት ዓመት አስተምሬ...» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ። ከዚያ ቁጭ ብለው አንጀት የሚያርስ አቤቱታ ጻፉልኝ። ሲጨርሱ ግን በሩን ዘጋ አድርገው «በራስዎ እጅ ይገልብጡት፤ የእኔን የእጅ ጽሕፈት ያውቁታል፤ ኮሚቴው ውስጥ አለቃዬ አሉበት» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ሆኖም ሰውዬው ልጆች አሏቸው። ገለበጥኩት።

በፈተና ቢሮው መስኮት ሦስት ላይ ያለችው ጸሐፊ አቤቱታዬን መዝገብ ላይ አስፍራ ካነበበች በኋላ በብዕሯ ጫፍ ወደ እኔ ገፋችው። «እናቴ፣ መልሱ በባለሙያዎች ኮሚቴ የጸደቀ ነው።»

«ኮሚቴው ስንት ሰው ነው?»

«ሰባት።»

«ሰባት ሰው ሆነው ሰባትን አልሞከሯትም?»

አልሳቀችም። «አቤቱታ ብቻውን አይበቃም፤ ማስረጃ ይዘው ኃላፊውን ያነጋግሩ» ብላ ቀጣዩን ጠራች።

ማስረጃ ከተባለ ማስረጃ። በማግስቱ ጣውላዬን ሸራ አልብሼ፣ ዘጠና አንድ ብርቱካን በጆንያ ተሸክሜ፣ ልጄን ዩኒፎርሟን አስለብሼ ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው ጆንያውን በዱላው ነካ ነካ አደረገና «እትዬ፣ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ማስረጃ።»

ከፍቶ አየ። «ይሄማ ብርቱካን ነው።»

«ለአንተ ብርቱካን ነው፤ ለእኔ ማስረጃ ነው። ዱላህን አንሳልኝ፤ ይፈርጣል።» አሳለፈኝ። ሊፍቱ ተበላሽቷል የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበርና ሦስት ፎቅ በእግር ወጣን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመን ስንተነፍስ ልጄ «እማ፣ ይቅር?» አለችኝ። ጀርባዬ እሳት ሆኗል፤ «አሁንማ ሞቼ ነው የምመለሰው» አልኳት።

የኃላፊው ክፍል መደርደሪያው እስከ ጣሪያ በሲባጎ በታሰረ ፋይል ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ መስታወት፣ መስታወቱ ላይ የማኅተም ሳጥን፣ ከጀርባው የማይዞር ማራገቢያ። ኃላፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሌላ መነጽር የሚፈልጉ ዓይነት ሰው ናቸው። ጆንያውን ሲያዩ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሱ።

«ምንም ዓይነት ስጦታ አንቀበልም! በሩን ክፈቱት፤ ሰው ይይ!»

«ማን ሰጠዎት ጌታዬ? ለመቁጠር ነው» አልኩና ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

ልጄ ሰባት ፌስታል ከፈተች። እኔ ከልማዴ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት አስገባሁ። ሦስት አራት ብርቱካን ተንከባሎ ወለል ላይ ወርዶ ነበር፤ ኃላፊው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። በክፍቱ በር በኩል ጸሐፊዎቹ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ሰባተኛው ፌስታል ሲሞላ ጠረጴዛው ላይ ከማኅተሙ ሳጥን በቀር የቀረ ነገር አልነበረም።

ኃላፊው ፌስታሎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይሄ ብርቱካን ነው እናቴ» አሉ በትዕግሥት። «ፈተናው ደግሞ ስለ ቁጥር ነው።»

በር ላይ ያለ አንድ ሰው ሳቁ አፈተለከው። ልጄ ደግሞ ቀና ብላ «ብርቱካኑም ተቆጥሮ ነው የመጣው» አለች።

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋት። መሳቢያቸውን ከፍተው የሂሳብ ማሽን አወጡ፤ ነካኩ። አጠፉና እንደገና ነካኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲነካኩ ማሽኑ ሐሳቡን እንዲለውጥ እየለመኑት ነበር የሚመስለው። ከዚያ ተነስተው በሩን ዘጉ፤ ተመልሰው ሲቀመጡ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ ነበር።

«ልክ ናችሁ» አሉ። «ኮሚቴው ተሳስቷል። እኔም አይቼ ፈርሜበታለሁ። ግን ይስሙኝ። አሥራ አንድ ሺህ ልጅ ነው የተፈተነው። ግማሹ ‹ሐ› ብሎ ነጥብ አግኝቷል። ዛሬ መልሱ ስህተት ነው ብል ስም ዝርዝሩ እንዳለ ይፈርሳል፤ አልፈሃል የተባለው ወድቀሃል ሊባል ነው፤ ወላጅ ሁሉ እዚህ ግቢ ውስጥ ያድራል። አይሆንም። ለእርስዎ ልጅ ግን መውጫ አለ።»

ከአንድ ጥራዝ ላይ ቅጽ ገንጥለው አቀረቡልኝ። የእርማት መጠየቂያ ቅጽ ይላል፤ ጥጉ ላይ በቀይ ቀለም ተራ ቁጥር ታትሞበታል። እሳቸው ባዶ ቦታውን በጽሑፍ ሞሉት፦ «ልጄ ለጥያቄ ቁጥር 14 ትክክለኛ መልስ የሆነውን ‹ሐ. 91› መርጣ ሳለ በመዘንጋት ሳታከብበው የቀረች መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ያቀረብኩትንም አቤቱታ አንስቻለሁ።» ከሥሩ የወላጅ ፊርማ።

«እዚህ ጋ ይፈርሙ። አንድ ነጥብ ይጨመርላታል፤ ሰማንያ ይሆናል። ዛሬውኑ ስሟ ይለጠፋል።»

እናንተ አሁን «ተቆጣሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ቁጣ? ደስ አለኝ እንጂ! ኮከብ የሚያዩበት ክፍል ውስጥ ልጄ ቆማ ታየችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እስኪሪብቶውን ተቀበልኩ።

ልጄ ቅጹን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አነበበች። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል። «እማ፣ እኔ አልዘነጋሁም» አለች።

«ዝም በይ።»

«ትክክለኛ መልስ የሆነውን ይላል።»

«ይበል! ወረቀት ነው። አንዴ ግቢና ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን ስትከራከሪ ኑሪ።»

«ከገባሁ በኋላ ማን ይሰማኛል? እናትሽ ፈርማለች፣ ረስታው ነው ብላለች ይሉኛላ።» ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ መግባቱን ከእኔ በላይ እንደምትፈልገው ከድምፅዋ አወቅሁ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። «እንደኔ መልስ የለም ብሎ የጻፈ ሌላ ልጅ አለ?»

ኃላፊው መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አወረዱ። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ አለመዋሸታቸውን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። «ሦስት አሉ» አሉ።

«እነሱስ?» አልኩ እኔ። «የእነሱ ወላጆችስ?»

«አልመጡም። ምናልባት ልጆቹን አላመኗቸው ይሆናል። የመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ካነሱት ነገሩ ይዘጋል።»

«ካላነሳሁትስ?»

«መዝገብ ላይ ያለ አቤቱታ ለኮሚቴው መቅረብ ግድ ነው። ይሰበሰቡና ያዩታል፤ ጥያቄውም ይሰረዝ ይሆናል። ግን ያ እስኪሆን ምዝገባው ይዘጋል። ለልጅዎ ምንም አይፈይድላትም። ይፈርሙ እናቴ፤ ለልጅዎ ያስቡ።»

እስኪሪብቶው እጄ ላይ ነው። እኔ መልአክ አይደለሁም፤ ሌሎቹን ሦስት ልጆች አላውቃቸውም፤ ስለ ኮሚቴውም ግድ የለኝም። ልፈርም ነበር። ማይልን ብትሉኝ እምላለሁ፣ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጀምሬ ነበር። ግን ቀና ስል ልጄን አየኋት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ጥርሷን ነክሳ እኔን ትመለከታለች። ከዚያ ቅጽ ሥር ብፈርም «ልጄ ተሳስታለች፣ እናንተ ልክ ናችሁ» ብዬ በገዛ እጄ የምሰጠው እሷን ነው። ለማን? ሰባትን መሞከር ለሰነፈ ሰው። አሥራ አንድ ሺህ ልጅ በተፈተነበት ቀን ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳይረዳት፣ የምትፈልገው ነገር እንደሚቀርባት እያወቀች «መልስ የለም» ብላ የጻፈች ልጅ ናት። እኔ እናቷ ሆኜ የጻፈችውን እንዴት ነው የማጠፋው? እልህ መጣብኝ፤ እልሁም ከእግር ጥፍሬ ነው የመጣው።

ጎንበስ ብዬ ከጽሑፋቸው ሥር፣ ፊርማው ቦታ ላይ፣ በትልቁ ጻፍኩ፦ «91 = 7 × 13። ልጄ አልዘነጋችም። አቤቱታዬን አላነሳሁም።» ከዚያ ስሜን አሟልቼ ፈረምኩ።

«ምን አደረጉ!» ኃላፊው ተነስተው ቅጹን ነጠቁኝ። «ይሄ ተራ ቁጥር ያለው ቅጽ ነው! አይቀደድም፣ አይጣልም፤ ፋይል ውስጥ መግባት አለበት!»

«እንዲገባ ነዋ የጻፍኩት።»

«ሴትዮ፣ ገብቶሻል? ልጅሽ አትገባም። ሌላ ዕድል የላትም።»

«ገብቶኛል» አልኩ። እርስዎ ማለቱን እኔም ያን ጊዜ ተውኩት። «አንተ ነህ ያልገባህ። ልክ ናችሁ ብለህ በአፍህ ነግረኸኝ በወረቀት ተሳስታለች በዪ ትለኛለህ። ልጄ ትምህርት ቤት ልትገባ እንጂ ውሸት ልትማር አልመጣችም።»

ልጄን በክንዷ ይዤ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስንደርስ «ብርቱካንሽን ውሰጂ» ብሎ ጠራኝ።

«አልወስድም፤ ማስረጃ ነው። ኮሚቴው ሰባት ሰው አይደል? ለእያንዳንዳቸው አንድ ፌስታል ይድረሳቸው። ቁጭ ብለው ይቁጠሩት።»

ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ጸሐፊዎች መንገድ ለቀቁልን። የመስኮት ሦስቷ ጸሐፊም ነበረች፤ አሁንም አልሳቀችም፤ ግን ለልጄ ከወንበሯ ብድግ አለችላት።

እስከ ሁለተኛው ፎቅ በደህና ወረድን። እዚያ ልጄ የደረጃውን መደገፊያ ያዘችና እምባዋ ዱብ ዱብ አለ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ይርገፈገፋል። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አራት ዓመቱን ይህን ስትመኝ ኖራለች። እኔም ምን እንዳደረግሁ ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ። «እማ፣ ተቆጣሽኝ?» አለችኝ።

«በአንቺ? አንቺ ልጅ፣ ኮራሁብሽ እንጂ» አልኳት። «አልቅሺ፤ ያስለቅሳል። ግን አንገትሽን እንዳትደፊ።» በነጠላዬ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረግሁላትና ወረድን።

ግቢው ውስጥ ውጤቱ በተለጠፈበት ሰሌዳ ዙሪያ ሰው እንደ ጉድ ተሰብስቧል። እናቶች፣ አባቶች፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች። ልጄ ስታለቅስ ያየች አንዲት ሴት ከመሃል ወጥታ መጣች። «ውይ የእኔ እናት» አለችና ከንፈሯን መጠጠች። «ምነው፣ አልገባችም?»

ያን ከንፈር መምጠጥ ስሰማ ያ ሁሉ ፎቅ፣ ያ ሁሉ ጆንያ፣ ያ ሁሉ ወረቀት ጉሮሮዬ ላይ መጣ።

«አልገባችም!» አልኩ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ። «አልገባችም፤ ምክንያቱም ዘጠና አንድ ለሰባት ይካፈላል!»

ሰው ሁሉ ዞረ። እብድ ናት ብለው እንዳዩኝ አውቃለሁ፤ ጥበቃውም ዱላውን ይዞ ወደ እኛ ተራመደ። አጠገቤ የቆመች ልጄ በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች፤ እምባዋ ገና አላባራም፤ ቀና አለችና ከእኔ ባላነሰ ድምፅ ጮኸች፦

«ለአሥራ ሦስትም!»